ከጨርቅ በታች ያልሰማሁት ዋጋ

ይህን የምጽፈው ጅግጅጋ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ በዚያ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ተቀምጣችሁ ተራ ለምትጠብቁ ሰዎች ነው። እኔም ተቀምጬበታለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም አልጨረስኩትም። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ የሚጽፈው እጅም የታመመው እጅ ስለሆነ ታገሱኝ። እጄን የምታክመው ሐምዲ የምትባል ልጅ «አዴር፣ መጻፍም ለጣት ሥራ ነው፤ የደረሰብዎትን ይጻፉ» ብላኝ ነው ብዕር የያዝኩት። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

ስሜ ገብሬ ይባላል። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩትም፣ ያገባሁትም፣ ያረጀሁትም ጅግጅጋ ነው። ሥራዬ የግመልና የከብት ድለላ ነው።

በእኛ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ደላላ ቀኝ እጃቸውን ይጨባበጡና ከትከሻቸው ላይ ባለው ጨርቅ ይሸፍኑታል። ከዚያ ወዲያ የጣት ነገር ነው። አንድ ጣትህን ከያዘህ አንድ ነው፤ ሁለት ከያዘህ ሁለት፤ አምስቱንም ከጨበጠህ አምስት። መቶ ይሁን ሺህ፣ እንስሳውን ያየ ሰው ያውቀዋል። አፋችን ስለ ዝናብ ያወራል፣ እጃችን ይነግዳል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ምንም አይሰማም። መዳፍ በመዳፍ ከተመታ ነገሩ አለቀ፤ ወደኋላ የለም።

ይህን ያስተማረኝ ሙሴ ነው። ሙሴ የቀብሪበያ ሰው፣ ሶላቱን የማያሳልፍ እስላም፣ የግመል ነጋዴ ነው። ሁለታችንም ጢም ሳናበቅል ነው የተዋወቅነው። «ከጨርቅ በታች የተባለ ነገር ሁለቴ አይባልም» ይለኝ ነበር። «ያልሰማ ሰው ሄዶ ሽንኩርት ይሽጥ።» በኮሮና ጊዜ መጨባበጥ ሲቀር ወጣቶቹ ዋጋውን ስልክ ላይ እየጻፉ መተያየት ጀመሩ፤ ኮሮና ካለፈ በኋላም የቀጠሉበት አሉ። እኔ አልወደድኩትም። ስልክ ከኋላህ የቆመ ሁሉ ያየዋል።

ሕመሙ የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ይዞኝ ይነሳል። በቀኝ እጄ ጣቶች ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ይተወኛል። ተኝቼበት ነው እያልኩ አለፍኩት። አንድ ቀን ከቀብሪበያ ወዲያ የመጣ ሽማግሌ አንድ ግመል ይዞ ቀረበ። እኔ ለገዢው ቆሜአለሁ። እጃችንን ሸፈንን፤ ያዘኝ፤ ሦስት ጣት መሰለኝ። መዳፉን መታሁት። ጨርቁ ከተነሳ በኋላ «አራት ነው ያልኩት» አለ። እኔ «ሦስት ነው» አልኩ። እሱ በአላህ ማለ፤ እኔ በእግዜር ማልኩ። ሁለታችንም ያመንነውን ነበር የምንለው። ሽማግሎች ገብተው ልዩነቱን ለሁለት አካፈሉን። ሰውዬው ግመሉን አስረክቦ ሲሄድ ግን እግሬ ስር መሬት ላይ ተፋ። «ገብሬ በስተርጅናው ሌባ ሆነ» የሚለው ወሬ ከግመል ተራ ፍየል ተራ ለመድረስ ሻሂ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

ሙሴ ብቻ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ እጅህን ስጠኝ።» ሰጠሁት፤ በጨርቁ ሸፈነው። «ስንት አልኩህ?»

«ሁለት።»

ጨርቁን ገለጠው። አራት ጣቶቼን ይዟል።

«ወላሂ ገብሬ፣ አንተ ሌባ አይደለህም። በሽተኛ ነህ» አለኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ያን ቀን አላወቅኩም።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ክሊኒክ ስሙን አልጠራም። ደም ወሰዱና «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። «ታይፎይድ ጣት ያደነዝዛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ድካም ነው አባባ» አለኝ ሐኪሙ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። የደም ግፊት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጎማው ተበስቶ በፕላስተር ተለጥፏል። ሁለተኛው ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ወጌሻዋ «ብርድ ነው» ብላ በቅቤ አሸችኝ፤ ይቺኛዋስ ደስ ትል ነበር። ባለቤቴ እቴነሽ ጠበል ወሰደችኝ። ግቢያችን ውስጥ የነበሩት ፍየሎች ለዚሁ ተሸጠው አለቁ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ክንዴን ጠምጥሞ ደም ግፊቴን የለካ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በሉ፤ ሌላውን ብትረሱት ግድ የለኝም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ግራ እጄ ክሩን ያዘ፤ ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። ና እለዋለሁ፣ አይመጣም። እቴነሽን ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። መጥታ ስታየኝ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ምን አጣመመው?» አለችና ነጠላዋን ሳትለብስ ወደ ደጅ ሮጠች። ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስደግፋ እስከ ሆስፒታል አንዲት ቃል አልተናገረችም። እቴነሽ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም ነበር። ከበሽታው ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ስትሮክ ነው» አሉን። ለጭንቅላት ፎቶ ሐረር ላኩን። ሐኪሙ «ወደ ጭንቅላትዎ ደም የሚሄድበት መንገድ ተዘግቷል፤ የዘጋውም የደም ግፊት ነው» ብሎ አስረዳኝ። እኔ በራሴ መንገድ ነው የገባኝ። ካራማራ ላይ ጎርፍ ድንጋይ አውርዶ አስፋልቱን ሲዘጋ ጅግጅጋ ቲማቲም ታጣለች። ቲማቲሙ ሐረር አለ፣ መኪናውም አለ፤ የጠፋው መንገዱ ነው።

ሐረር አግዳሚው ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። አጠገባችን የታመመ ባሏን ያመጣች የባቢሌ ሴት ነበረች። ስማችንን ሳትጠይቅ ከፔርሙሷ የግመል ወተት ሻሂ ቀድታ ለእቴነሽ ሰጠቻት። እቴነሽ በጾም ወተት ቀምሳ የማታውቅ ሴት ናት፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር። ጽዋውን አየችው፣ ሴትዮዋን አየቻት፣ ጠጣችው። «እግዜር ዛሬ እኔን የሚያይበት ጊዜ የለውም» አለችኝ በጆሮዬ።

ንግግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እግሬም በከዘራ ሄደ። የቀረው እጄ ነው። ሐምዲን ያገኘኋት ያኔ ነው፤ ጅግጅጋ ተመልሰን ፊዚዮቴራፒ ወደሚባለው ክፍል ስሄድ። ፊዚዮቴራፒ የደከመ አካልን በእንቅስቃሴ የማከም ሥራ ነው። መርፌ የለውም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚንቀው።

መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩ ቶሎ ቶሎ መጣልኝ። ጣቴ ተነቃነቀ። ማንኪያ ያዝኩ። የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፍኩ። ልጄ ከድሬዳዋ ሲደውል «ለፋሲካ ገበያ እመለሳለሁ» ብዬ ፎከርኩበት። ዳገቱ ገና ከፊቴ እንደነበረ አላወቅኩም። አንድ ቀን ሐምዲ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችኝ።

«ጨፈንኩ።»

«አሁን የትኛውን ጣትዎን ነው የነካሁት?»

«መች ነካሽኝ?»

ዓይኔን ስገልጥ አመልካች ጣቴን ይዛዋለች።

«እጄ ይሠራል፤ ታዲያ ለምን አይሰማም?» አልኳት።

«አዴር፣ የሚያንቀሳቅሰውና የሚሰማው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ተከፍቶልዎታል።»

«ሌላውስ?»

የሩዝ ከረጢት ጎትታ ፊቴ አስቀመጠች። «ብዙ ሥራ ይፈልጋል» አለች። ሐኪም በመልስ ፈንታ ሥራ ሲሰጥህ መልሱን ነግሮሃል።

ሥራው ይህ ነው። በአንድ ከረጢት ሩዝ ውስጥ ባቄላና የባቢሌ ለውዝ ትቀብራለህ። ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ትከታለህ። ባቄላውን ከለውዙ፣ ለውዙን ከሩዙ በጣትህ ትለያለህ። ሕፃን የሚጫወተው ጨዋታ ነው። እኔ በጭለማ በረት ገብቼ የግመል ሻኛ ዳስሼ ስቡን የምናገር ሰው፣ ባቄላ ከለውዝ መለየት አቃተኝ። እጄን ከከረጢቱ ሳወጣ የያዝኩ ይመስለኛል፤ ዓይኔን ስገልጥ መዳፌ ባዶ ነው። አንድ ቀን ከረጢቱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ሐምዲ ሩዙን ከመሬት እየለቀመች «አዴር፣ ለዚህ ሩዝ ከእኔ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው» አለችኝ። አፈርኩና ጎንበስ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ። በኋላ ነው ቀልዷን እንደሆነ የነገረችኝ፤ ለካ እየለቀምኩ በጣቴ እንድሠራ ነው።

ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ግራ እጄም እንዳይሄድብኝ እየፈራሁ ስቆነጥጠው አነጋለሁ።

ሰው «ግራህ ደህና ነው፤ በግራህ ሥራ» ይለኛል። ይህን የሚለው አገራችንን የማያውቅ ነው። ግራ እጅ የሚታጠቡበት እጅ ነው። ለእስላም ግራ እጅህን ሰጠኸው ማለት ሰደብከው ማለት ነው። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። እየሾለክሁ ግራዬን አለማመድኩትና አንድ ቀን ገበያ ወጣሁ። ከሩቅ የመጣ ግመል ሻጭ አገኘሁ፤ መታመሜን ነገርኩትና እጁን ሰጠኝ። ከጨርቁ ስር የሚጨብጠው እጅ ግራ መሆኑ በአውራ ጣቱ ሲገባው እሳት እንደነካው ሰው ነጠቀኝ። «አስተግፊሩላህ!» ብሎ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ ጠብ ሆነ። ልጄ በስልክ «አባዬ፣ በቃህ፤ ድሬዳዋ ና፣ እኛ ጋ ተቀመጥ» አለኝ።

«ተቀምጬ ምን ልሠራ?»

«ታርፋለህ።»

«የሚያርፍ ሬሳ ነው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁበት። እቴነሽ «ሬሳህንማ ከግመል እግር ስር እኔ ነኝ የምለቅመው!» ብላ እየጮኸች አለቀሰች። እውነቷን ነው። እሷም ደክሟታል፤ የእኔን ልብስ ስትቆልፍ የራሷን ወገብ የሚያይላት አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሙሴ የአሱርን ሶላት ሰግዶ መጣ። ደጃፋችን ላይ ተቀመጠና ጨርቁን ከትከሻው አወረደ።

«ግራ እጅህን ይዘህ ገበያ ወጣህ አሉኝ» አለ።

«አዎ።»

«ለእኔ ብትሰጠኝ በከዘራዬ ነበር የምልህ። ቀኙን አምጣ።»

«ቀኙ ሞቷል፣ ሙሴ።»

«እንቀብረዋለንና! እስከዚያ አምጣው።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ቀብሪበያ ካልሄደ በቀር አልቀረም። እጄን ይሸፍናል፤ ይይዛል፤ ይጠይቀኛል።

«ስንት?»

«ሦስት።»

«አቦ! በሦስት እንኳን ግመል የፍየል ጭራም አይሰጡህም። ስንት?»

«አምስት?»

«አሁን ደግሞ አገሩን ሁሉ ሰጠኸኝ!»

እቴነሽ ከውስጥ ሆና «ሁለት ሽማግሌ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ደጃፍ ስትቀመጡ ሰፈሩ ምን ይላል?» ትላለች። ሙሴ «እህቴ፣ እኔ ልዳረው አስቤ ነበር፤ ጥሎሹ ላይ አልተስማማንም» ይላታል። ትስቃለች። በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ የተሳቀው ሙሴ ሲመጣ ነው።

ዋጋ ሁለቴ የማይናገረው ሰው ለእኔ ደጋግሞ ተናገረ። «ለአንተ ስል ሕጉን አፈረስኩ» ይለኛል። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። በቀላሉ ሲይዘኝ ምንም የለም፤ አጥንቴን እስኪነካ ሲጨምቀኝ ግን ከሩቅ፣ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ አንድ ነገር ይመጣል። «ጩህብኝ» አልኩት። ጮኸብኝ። በጥፍሩ ሁሉ ይጫነኝ ነበር። ሐምዲ ጣቶቼን አይታ «ምን ነክሶዎት ነው?» አለችኝ። «ቀብሪበያ» አልኳት።

አንድ ቀን ሙሴ እኔን ሆስፒታል ሊያደርስ ሲመጣ ሐምዲ «አዴር ሙሴ፣ እርስዎንም ልለካዎት» ብላ የደም ግፊት መለኪያውን አነሳች። ደህና መለኪያ ነበር። ሙሴ ክንዱን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ልጄ፣ ከለካሽኝ ታገኚብኛለሽ» አላት።

«ካለ ነው የማገኘው።»

«ካላገኘሽው የለም።»

እኔም ሳቅኩ። ሐምዲ አልሳቀችም። ማጅራቱን እንደሚያሽ አይቼ ነበር። ሁላችንም ሽማግሎች ነን፤ ማጅራቱን የማያሽ የት አለ? ከዚያ ቀን በኋላ ደጋግሜ ነገርኩት፤ እሱም ደጋግሞ «እሺ፣ ከሚቀጥለው ገበያ በኋላ» አለኝ። እልኸኛው እኔ ነኝ ስል እሱ ብሶ ተገኘ።

አንድ የገበያ ቀን ሙሴ የራሱን ግመል ይዞ መጣ። «የሚሸጠው ገብሬ ነው፤ ሌላ ደላላ አልፈልግም» ብሎ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ። ሌሎቹ ዙሪያችንን ቆሙ። እጃችንን ሸፈንን። ጥፍሩን እስከ ሥጋዬ አስገባው፤ አፉ ግን ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። ቆየሁ። ላቤ በአፍንጫዬ ወረደ። ከወጣቶቹ አንዱ «ትግል ነው ወይስ ንግድ?» አለ። ዋጋው ሲገባኝ የገዢውን እጅ በግራዬ ሳይሆን በዚሁ በቀኜ ከጨርቅ ስር ይዤ አስተላለፍኩ፤ ገዢው መዳፌን መታ። ጨርቁ ተነሳ። ሙሴ «ልክ ነው» አለ። ጣቴ ደምቷል። ግመል ተራ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሙሴ «አቦ፣ ኮሚሽንህ አነሰችብህ እንዴ?» አለኝ።

ብዙ አልቆየም። የሙሴ ልጅ ከቀብሪበያ ደወለልኝ። ሙሴ ለሶላት ሲታጠብ ወደቀ አለኝ። ሆስፒታል ወስደውት ነበር፤ ከተማው ውስጥ ሊደረግለት የሚችለው ተደርጎለት ወደ ቤት መልሰውታል። ግራ ጎኑ ተይዟል፤ ምላሱም ታስሯል። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ከሰው መሀል ተጣብቄ ቀኝ እጄን ስጨብጥ ስፈታ ነበር።

ቀትር ነበር፤ በሩ ተከፍቷል። ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሴ ሲያየኝ በደህናው ከንፈሩ ሳቀ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሊናገር ሞከረ፤ አልወጣም። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሳና የትራሱን ጨርቅ ጫፍ ጎተተ። ገባኝ። ቀኝ እጄን ሰጠሁት፤ ጨርቁን በላዩ አለበስኩት።

ጨርቁ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አያለሁ። ጣቶቹ ጣቶቼን ይፈልጋሉ፤ ይይዛሉ፤ ይለቃሉ፤ እንደገና ይይዛሉ። ረዘም ያለ ነገር ነው የሚናገረው። ዋጋ አይመስልም። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው። እኔ ግን ምንም አልሰማም። ጉልበት የለውም፤ ጥፍሩም አይጫንም። እኔ የምሰማው ሲጮህብኝ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ቀን በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው።

ቸኩዬ ግራዬን ከጨርቁ ስር አስገባሁት። ግራዬ ሁሉንም ይሰማል። እጁ ሙቅ ነበር። ግን ጨርሷል፤ ጣቶቹ ዝለው ተዘርግተዋል። ከአውራ ጣቴ የትኛው እጅ እንደሆነ ለየው መሰለኝ፤ አልነጠቀኝም። ይዞት ቆየ። ዓይኑ ግን አሁንም መልስ ይጠብቃል።

በሥራችን ያልሰማኸውን ዋጋ መቀበል እብደት ነው። ቤት ያፈርሳል። ራሱ ነው ይህን ያስተማረኝ። ቀኝ እጄን አውጥቼ መዳፉን መታሁት።

«ተስማምተናል፣ ሙሴ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። የሞተው በማግስቱ ነው።

ቀብር ላይ ልጁ ወደ ጎን ወሰደኝ። «አዴር፣ አባቴ ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም አይተዋል፤ ኑዛዜ መስሏቸዋል። «ልጆቹን አደራ» ብል ማን ያውቅብኛል? ግን በሙሴ እጅ ላይ ያልነበረ ዋጋ ጨምሬ አላውቅም። «ልጄ፣ አልሰማሁም» አልኩት። አየኝና እጄን ጨበጠኝ። እሱንም አልሰማሁም።

አግዳሚው ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ተራችሁ ሲደርስ መጀመሪያ ክንዳችሁን ስጡ። መለኪያው ከተበላሸ ሌላ ቦታ ሂዱ። ማጅራቱን የሚያሽ ወዳጅ ካላችሁ እየጎተታችሁም ቢሆን ውሰዱት፤ ቢቀልድ አትሳቁለት። እጅ ወይም እግር ከሄደባችሁም ቶሎ ይመለሳል የሚላችሁን አትመኑ። መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ዳገቱ በኋላ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ዳገት ደግሞ ጫፉ አይደረስበትም። ቢሆንም ውጡ።

እኔ ገበያ መውጣት ትቻለሁ። ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ሙሴ ይመጣበት በነበረው ሰዓት፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን የሩዝ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ። እቴነሽ አንድ ቀን «አሁን ለማን ነው የምትለማመደው?» አለችኝ። እጄን ከሩዙ አወጣሁ። ከጎኔ ተቀመጠችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እጄ ላይ ጣለችው።

«እኔ አልችልበትም» አለች። «ስንት አልኩህ?»

«ጠንከር አድርጊው» አልኳት።